ለእድራችን ገጽ ስሠራ፦ የአትሪቢውት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

የሰፈራችን እድር ማስታወቂያዎቹን የሚያወጣበት አንድ የኢንተርኔት ገጽ እንዲኖረው ተወስኖ ሥራው ለእኔ ተሰጥቷል። የሚፈለገው ብዙ አይደለም፦ የእድሩ ስም፣ የድንኳኑና የዕቃ ቤቱ ፎቶግራፍ፣ የወሩ ስብሰባ ቀን፣ የሊቀመንበሩና የጸሐፊው ስልክ፣ መተዳደሪያ ደንቡ፣ አዲስ አባል የሚመዘገብበት ቅጽ። ኤችቲኤምኤል (የኢንተርኔት ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) መማር የጀመሩ የሰፈራችን ልጆች እንዲከታተሉት ሥራውን እየሠራሁ እጽፈዋለሁ።

በተለይ የማተኩረው በአትሪቢውቶች ላይ ነው። ታግ የገጹን ክፍሎች የሚለይ ምልክት ነው፤ አትሪቢውት ደግሞ በታጉ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ ነው። ጀማሪ ታግ ይወዳል፤ ርዕሱ ጎላ ብሎ፣ ዝርዝሩ ተደርድሮ ወዲያው ሲታይ ደስ ይላል። አትሪቢውት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን አይታይም፤ ስለማይታይም ይዘለላል። በአማርኛ ለሚጻፍ ገጽ ግን ትልቁ ሥራ ያለው እዚያው ነው ብዬ አምናለሁ። ብራውዘሩ (ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም) ስለ ቋንቋችን፣ ስለ ዘመን አቆጣጠራችንና ስለ ሰዓታችን በራሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ካልነገርነው በሌላ አገር ልማድ ይገምታል።

በመጀመሪያ ጽሑፉን ብቻ ያለ ምንም አትሪቢውት አስገባሁ። ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ዝርዝር፤ በቃ። ገጹ ተከፈተ፣ ተነበበ። ከዚህ በኋላ የምጨምረው ሁሉ በመክፈቻው ታግ ውስጥ የሚገባ ነው። ቅርጹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ከታጉ ስም ቀጥሎ ክፍተት፣ ከዚያ የአትሪቢውቱ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ በመጨረሻም በጥቅስ ምልክት የታጠረ ዋጋ። በመዝጊያው ታግ ውስጥ አይጻፍም። ብዙ አትሪቢውት ካለ በክፍተት ይለያያል፤ ማን ይቅደም ማን ይከተል ለውጥ የለውም። አንዱ ስም ሁለት ጊዜ ከተደገመ ግን ብራውዘሩ የመጀመሪያውን ይይዝና ሁለተኛውን ይጥለዋል። ስሞቹ በኮዱ ውስጥ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በድምፃቸው እጽፋቸዋለሁ።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የጥቅስ ምልክቱ ነው። ኤችቲኤምኤል የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ምልክት ብቻ ነው፤ ነጠላም ሆነ ድርብ ቢሆን ይቀበለዋል። የአማርኛ ኪቦርድ የሚያወጣው «» ወይም የጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም አጣምሞ የሚተካው ምልክት እንደ አጥር አይቆጠርም፤ የዋጋው አካል ተደርጎ ይወሰዳል። አገናኙ ወደሌለ አድራሻ ይሄዳል፤ ምስሉ አይከፈትም፤ ብራውዘሩም ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ ልጆቹን ያስያዝኳቸው ልማድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የእኩል ምልክቱንና ባዶውን የጥቅስ ጥንድ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ጽፎ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ቀይሮ መሐሉን መሙላት።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ሁለት አትሪቢውቶች ከሁሉም መቅደም ነበረባቸው።

አንዱ ቻርሴት ነው፤ ፊደላቱ በኮምፒውተር ውስጥ በምን ስልት እንደተጻፉ ይናገራል። ሜታ በሚባለው ታግ ላይ ይቀመጣል፣ ዋጋውም ዩቲኤፍ-8 ነው። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ይወስዳል። ብራውዘሩ ይህን ካላወቀ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የአውሮፓ ፊደል ሊያነበው ይችላል፤ ያኔ በአንድ ፊደላችን ፋንታ ሦስት እንግዳ ምልክት ይደረደራል። እንዲህ ተበላሽቶ የሚመጣ የአማርኛ ገጽ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። የኤችቲኤምኤል ደንብ ይህ መግለጫ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ እንዲገኝ ያዛል፤ ለዚህ ነው ከገጹ ርዕስ በፊት ያስቀመጥኩት።

ሁለተኛው ላንግ ነው። ኤችቲኤምኤል በሚለው የመጀመሪያው ታግ ላይ ላንግ ብዬ የአማርኛን መለያ፣ ማለትም ኤ እና ኤም የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ሰጠሁት። ገጹ በዓይን ሲታይ ምንም አልተለወጠም። ለውጡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም የአማርኛ ድምፅ መምረጥ እንዳለበት ያውቃል። ብራውዘሩ ገጹን የማያውቀው ቋንቋ አድርጎ በዘፈቀደ ልተርጉምልህ አይልም። ለአጭር ጥቅስ የሚያገለግለው ኪው የሚባለው ኤለመንት (ታጉ ከያዘው ጽሑፍ ጋር) ደግሞ በእንግሊዝኛው ምልክት ፋንታ የእኛን « እና » ራሱ ያስቀምጣል። ይህን በሙከራ አየሁት፤ ላንግን ሳነሳው ምልክቱ ተቀየረ፣ ስመልሰው ተመለሰ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም፤ የማይታይ የሚመስለው አትሪቢውት በዓይን ሲሠራ ያሳያል።

ላንግ በአንድ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ አይደለም። በሀዘን ማስታወቂያው መጨረሻ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ የግእዝ ጥቅስ አለ፤ ለዚያ አንቀጽ ብቻ የግእዝን መለያ ሰጠሁት፤ እርሱም ጂ፣ ኢ፣ ዜድ የሚሉት ሦስት ፊደላት ናቸው። ውስጥ ያለው ከውጭው ይቀድማል።

አንድ ነገር ደግሞ ለታሪክ ያህል። ይህ አትሪቢውት የኤችቲኤምኤል ደንብ አካል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው ደንብ) የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ገጹ አማርኛ መሆኑን መናገር የሚቻልበት መንገድ ፊደሉ በዩኒኮድ ቦታ ከማግኘቱ በፊት ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።

እሑድ፣ መስከረም 4

ፎቶግራፎቹን አስገባሁ። የምስል ታግ ያለ አትሪቢውት ምንም አይደለም፤ ፋይሉ የት እንዳለ የሚነግረው ኤስአርሲ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያደናግር ነገር አለ። የአትሪቢውት ስም በትልቁም በትንሹም የላቲን ፊደል ቢጻፍ አንድ ነው። ዋጋው ግን እንደ ነገሩ ይለያያል። የፋይል ስም ከሆነ አብዛኞቹ የድር አገልጋዮች ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያሉ። ቤት ባለው ኮምፒውተር የተከፈተ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ የፎቶዎቹን ስም በሙሉ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ሰየምኳቸው።

ቀጥሎ ኦልት፤ ምስሉን በጽሑፍ የሚተካው አትሪቢውት ነው። የእድሩ ጸሐፊ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩ ነበርና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ፎቶው እያለ ድንኳን መሆኑን በጽሑፍ መድገም ለምን አስፈለገ?»

«ጋሼ፣ በስልካቸው ድምፅ የሚያስነብቡ እናት ከአባሎቻችን መካከል አሉ አይደል? እርሳቸው ፎቶውን የሚያውቁት በዚህ ጽሑፍ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያውስ ድንኳን ብቻ አትበል፤ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ወንበሩ አብሮ እንዳለ ጻፍ። የሚፈልጉት እርሱን ነው» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ጥሩ ኦልት የሚመልሰው ፎቶው በዚህ ቦታ ለምን እንደገባ ነው፤ ፎቶው ውስጥ የሚታየውን ሁሉ መቁጠር አይጠበቅበትም። «ፎቶግራፍ» ወይም «ምስል» ብሎ መጀመርም አያስፈልግም፤ አንባቢው ፕሮግራም ምስል መሆኑን ራሱ ይናገራል። ኢንተርኔቱ ደክሞ ፎቶው ሳይመጣ ሲቀርም በቦታው የሚታየው ይኸው ጽሑፍ ነው።

ለጌጥ ብቻ ላስገባሁት የመስመር ምስል ኦልትን ባዶ ተውኩት፤ ይኸውም ስሙን ጽፎ በጥቅሶቹ መካከል ምንም አለማስገባት ነው። ባዶ ኦልትና የሌለ ኦልት አንድ አይደሉም። ባዶው «ይህን ምስል እለፈው» ማለት ነው። ጨርሶ ከሌለ ግን አንባቢው ፕሮግራም ግራ ይጋባል፤ አንዳንዱ የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል ማንበብ ይጀምራል።

ዊድዝና ሃይት ደግሞ የምስሉን ስፋትና ቁመት ይናገራሉ፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፈው፣ መለኪያ አይከተለውም። እነዚህ ካሉ ብራውዘሩ ፎቶው ከመድረሱ በፊት ቦታውን ይጠብቅለታል፤ አለበለዚያ ሰው ማስታወቂያውን እያነበበ ሳለ ፎቶው ሲመጣ ጽሑፉ ወደ ታች ይሸሽበታል። ከገጹ ግርጌ ላሉት ፎቶዎች ሎዲንግ የሚለውን ጨምሬ ሌዚ የሚል ዋጋ ሰጠሁት፤ አንባቢው ወደዚያ ካልወረደ ፎቶው አይወርድም፤ የኢንተርኔት ጥቅሉን ይቆጥብለታል።

ሰኞ፣ መስከረም 5፣ ማታ

አገናኞች። ኤ በሚባለው ታግ ላይ ኤችሬፍ ይገባል፤ መድረሻውን የሚናገረው እርሱ ነው። ሌላ ገጽ ብቻ ሳይሆን የስልክ ጥሪም መድረሻ ይሆናል፦ ዋጋው ቴል ብሎ፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ፣ ቁጥሩን ያስከትላል። የጸሐፊውን ቁጥር ለዓይን የጻፍኩት እንደለመድነው በዜሮ ጀምሮ ነው። በኤችሬፍ ውስጥ ግን ዜሮውን አንስቼ የመደመር ምልክትና 251 አስቀደምኩ። ልጆቻቸው ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ አባላት አሉን፤ ከዚያ ሆኖ የሚነካው ሰው ጥሪው እንዲደርስለት የአገር መለያው የግድ ነው። የሚታየው ጽሑፍ ለሰው፣ አትሪቢውቱ ለስልኩ።

በዚያው ገጽ ውስጥ ወደ ስብሰባው ማስታወቂያ ለመዝለል ለርዕሱ አይዲ ሰጠሁት። አይዲ በአንድ ገጽ ውስጥ አይደገምም፤ በውስጡም ክፍተት አይገባም። በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይፈቀዳል፤ ሞከርኩት፣ ይሠራል። ሆኖም አድራሻው ኮፒ ተደርጎ በቴሌግራም ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። «ስብሰባ» የሚለው አራት ፊደል ሠላሳ ስድስት ምልክት ይሆናል፤ የሚደርሰው ሰው የማጭበርበሪያ መልእክት መስሎት ሊተወው ይችላል። ስለዚህ አይዲውን በላቲን ፊደል አደረግሁት። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ሌላው ሰው በአማርኛ ቢያደርገው ስሕተት አይደለም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6፣ ማታ

የዛሬው ሥራ አንድ መስመር ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የወሰደው ግን እርሱ ነው። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ቀጣዩ ጠቅላላ ስብሰባ እሑድ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይካሄዳል።» ለሰው ይህ በቂ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ቀኑን ታይም በሚባል ኤለመንት አቅፎ ዴትታይም የሚለውን አትሪቢውት መጨመር ያስፈልጋል። ደንቡ የሚቀበለው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ ወርና ቀኑ በሁለት በሁለት አኃዝ።

ጥቅምት 2 ቀን 2018 በጎርጎርዮስ ኦክቶበር 12 ቀን 2025 ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዚያ አቆጣጠር 09:00 ይሆናል። ስለዚህ ዋጋው 2025-10-12፣ ከዚያ ያለ ክፍተት ቲ የሚለው የላቲን ፊደል፣ 09:00፣ በመጨረሻም +03:00። ይህ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ በ3 ሰዓት እንደሚቀድም ይናገራል። እርሱ ከሌለ 09:00 የየት አገር እንደሆነ አይታወቅም።

አሁን አደጋውን እንመልከት። አንድ ጀማሪ የእኛን ቀን እንዳለ ወስዶ 2018-02-02 ቢጽፍ ምን ይሆናል? ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና ለዓይን ትክክል ይመስላል። ለኮምፒውተሩም ፍጹም ትክክል ነው፤ የሚረዳው ግን ፌብሯሪ 2 ቀን 2018 ብሎ ነው፤ ስብሰባው ካለፈ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው አድርጎ ማለት ነው። ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም። ጥቅምት 30ን 2018-02-30 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ፌብሯሪ 30 ስለሌለው ዋጋው ውድቅ ነው፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ ስለሚታይ ይህም በዝምታ ያልፋል። ያለፈው ስብሰባችን የተደረገው እሑድ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ነበር። 13ኛ ወር የሚባል ነገር በዚያ ደንብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ 2025-09-07 ብዬ አስገባሁት።

ቀኑን በቃል አስቦ መቀየርም አይመከርም። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር የገባው። ያ የአንድ ቀን ልዩነት እስከሚቀጥለው ፌብሯሪ መጨረሻ አብሮ ይቆያል። መቀየሪያ ወይም ሁለቱንም አቆጣጠር የያዘ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አጠገብ ይኑር።

ሰዓቱም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት 06:00 ነው፤ ቀን 6 ሰዓት 12:00፤ ማታ 1 ሰዓት 19:00። ሌሊት 6 ሰዓት 00:00 ነውና ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በጎርጎርዮሱ በቀጣዩ ቀን ይመዘገባል። ለቅሶ ቤት የሌሊት ተራ ስንመድብ ይህ ያስፈልገናል።

ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው? ለአንባቢ ዓይን ምንም አይጨምርም። ነገር ግን አትሪቢውቱ በትክክል ከተጻፈ አጭር የጃቫስክሪፕት (በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) መስመር አንብቦት ዋሽንግተን ላለችው ልጅ «በእናንተ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»፣ ዱባይ ላለው «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብሎ ሊያሳያቸው ይችላል። በስልክ ለስብሰባው መግባት የሚፈልጉት እነርሱ ናቸው። ዋጋው ከተሳሳተ ግን ያው መስመር የተሳሳተውን በድፍረት ይናገራል።

ሐሙስ፣ መስከረም 8

የመመዝገቢያ ቅጽ። አትሪቢውት እንደ ቅጽ የሚበዛበት ቦታ የለም።

እያንዳንዱ መሙያ ኢንፑት ነው፤ ዓይነቱን የሚወስነው ታይፕ ነው። ለስልክ ቴል አደረግሁ፤ በስልክ ሲከፈት የቁጥር ኪቦርድ ይመጣል። ነምበር የሚለውን አልመረጥኩም፤ ስልክ ቁጥር የሚደመርና የሚቀነስ መጠን አይደለም፣ ከጎኑም መጨመሪያና መቀነሻ ቀስት ይወጣበታል። የመሙያውን ስም የሚያሳየው ላቤል ከኢንፑቱ ጋር የሚገናኘው በሁለት አትሪቢውቶች ነው፦ የላቤሉ ፎር እና የኢንፑቱ አይዲ አንድ ዓይነት ዋጋ ይይዛሉ። ያን ጊዜ ጽሑፉን መንካት መሙያውን እንደ መንካት ይቆጠራል፤ ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ አዛውንት ትልቅ እርዳታ ነው። ፕሌስሆልደር (በባዶው መሙያ ውስጥ የሚታየው ፈዛዛ ጽሑፍ) ይህን አይተካም፤ ሰው መጻፍ ሲጀምር ይጠፋል።

ኔም ከአይዲ ጋር ይምታታል። አይዲ ለገጹ ውስጣዊ መገናኛ ነው። ኔም ግን መረጃው ሲላክ የሚይዘው ስም ነው፤ ኔም የሌለው መሙያ ጨርሶ አይላክም። ቅጹ በትክክል ተሞልቶ አድራሻው ባዶ ሆኖ ከደረሰ መጀመሪያ መታየት ያለበት ኔም ነው።

ለአባሉ ስም አንድ ሰፊ መሙያ አደረግሁ። ከውጭ የተቀዱ ቅጾች ስምንና የቤተሰብ ስምን ለይተው ይጠይቃሉ፤ እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ብራውዘሩ የያዘውን መረጃ በራሱ እንዲሞላ ለሚረዳው አውቶኮምፕሊት ለሚለው አትሪቢውትም ሙሉ ስም የሚለውን ዋጋ ብቻ ሰጠሁት፤ ለሁለት ከፍዬ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ማስሞላት ትክክል አይመስለኝም።

ሪኳየርድ መሞላት ያለበትን ይናገራል። ይህ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ መኖሩ ብቻ ይበቃል፣ ዋጋ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ልጆቹ ሁለት ጊዜ እንዲጽፉት አደረግሁ፦ ሪኳየርድ ብሎ ፎልስ የሚል ዋጋ ቢሰጡት እንኳ መሙያው ግዴታ እንደሆነ ይቀራል። ማጥፋት ከተፈለገ ስሙን ራሱን መሰረዝ ነው። ዲሴብልድም (መሙያውን የሚዘጋው)፣ ቼክድም (ምርጫውን አስቀድሞ የሚመርጠው) እንዲሁ ናቸው።

ፓተርን የሚገባው ጽሑፍ ምን ዓይነት መልክ እንደሚኖረው ይደነግጋል። መጀመሪያ ያሰብኩት በ09 ወይም በ07 ጀምሮ ስምንት አኃዝ የሚከተለውን ብቻ መቀበል ነበር። ጸሐፊው «በውጭ ያለ ልጅ ለእናቱ ቢመዘገብስ?» ብለው ጠየቁ። ስለዚህ የመደመር ምልክት በፈቃደኝነት፣ ከዚያ ከ9 እስከ 15 አኃዝ ብዬ አሰፋሁት፤ ዓለም አቀፉ የስልክ ቁጥር ደንብ ከ15 አኃዝ አያልፍም። ታይትል በሚለው አትሪቢውት ደግሞ የሚፈለገውን በአማርኛ ጻፍኩ፤ የተሳሳተ ሲገባ ብራውዘሩ ከራሱ መልእክት ጋር ያሳየዋል። እነዚህ ቁጥጥሮች ሰውን ለመርዳት ናቸው፤ ሊታለፉ ስለሚችሉ የተላከው መረጃ ተቀባዩ ጋ እንደገና መፈተሽ አለበት።

ለልደት ቀን ዴት የሚለውን ታይፕ አልተጠቀምኩም፤ የሚከፍተው ቀን መቁጠሪያ የጎርጎርዮስ ነው። በፋንታው ሦስት ምርጫ አቀረብኩ፤ ቀን፣ ወርና ዓመት። ወሩ አሥራ ሦስት ምርጫ አለው። ለሰው የሚታየው «ጳጉሜን» ነው፤ ቫልዩ የሚለው አትሪቢውት የሚልከው 13 ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 9

ክላስ ብቻ። አይዲ ለአንድ ኤለመንት ብቻ ሲሆን ክላስ ለብዙዎች ይሰጣል፤ አንዱ ኤለመንትም በክፍተት የተለያዩ ብዙ ክላሶች ሊይዝ ይችላል። ክፍተት ስል እውነተኛውን ባዶ ቦታ ነው፤ ጥንታዊው የቃላት መለያ ፡ ለኤችቲኤምኤል ተራ ፊደል ነው፣ አይለይም። የሀዘን ማስታወቂያዎችን በአንድ ክላስ፣ የስብሰባዎችን በሌላ ለይቼ ቀለማቸውን ለሲኤስኤስ (የገጹን መልክ ለሚወስነው ቋንቋ) ተውኩ። ስታይል የሚለውን አትሪቢውት ከገጹ አስወገድኩ፤ ቀለሙን መቀየር ሲፈለግ አንድ ቦታ ብቻ መንካት ይሻላል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ገጹን የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ባዘጋጀው ነፃ መመርመሪያ አስፈተሽኩት። መመርመሪያው የተደገመ አይዲን፣ የጎደለ ኦልትንና ያልተዘጋ ጥቅስን ይይዛል። ቀኑ እኛ ያሰብነው መሆኑን ግን አይመረምርም፤ ለሙከራ 2018-02-02 ሰጥቼው በደስታ አሳለፈው። እርሱን ማየት የሰው ሥራ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ማስታወቂያ የሚያስገባው ልጅ ቀኑን ጸሐፊው ሳያዩት አያወጣም።

የቀረው መተዳደሪያ ደንቡ ነው። አንቀጾቹ በግእዝ ቁጥር ናቸው፤ ጸሐፊውም ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ። በቁጥር የሚደረደረው ዝርዝር ታይፕ የሚል አትሪቢውት አለው፤ የሚቀበለው ግን አምስት ዋጋ ብቻ ነው፦ የተለመደውን አኃዝ፣ ትንሽና ትልቅ የላቲን ፊደል፣ ትንሽና ትልቅ የሮማውያን ቁጥር። የግእዝ ቁጥር የለበትም። ሲኤስኤስ ግን ኢትዮፒክ ኒውመሪክ የተባለ የቁጥር ስልት አለው፤ በክላስ አገናኘሁትና ቁጥሮቹ ተደረደሩ። ደንቡ በሁለት ምዕራፍ ስለተከፈለ ሁለተኛው ዝርዝር ከ12 እንዲጀምር ስታርት የሚለውን አትሪቢውት 12 ብዬ በተለመደው አኃዝ ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ፲፪ ነው።